የሰብለ ቺፕ ሠራ፣ ቀኑን ግን እኔ ቆረጥኩ

ሠራላት፣ ካሳዬ። ልጃችን ሰብለ ስትለፋበት የኖረችው ቺፕ ከፋብሪካ ወጥቶ መጣና ሠራ። በቀደም ከጀርመን ደውላ እየሳቀች ስትነግረኝ፣ ስልኩን እንደያዝኩ እልል ስል ጎረቤቱ ሁሉ ሰርግ መስሎት ወጣ።

ይኸው ሰላምታውን ዘንግቼ ወሬውን አስቀደምኩ። እንዴት ነህ የኔ ጌታ? ከተለየኸን ሦስተኛው ክረምት እየገባ ነው። ጣሪያውን አስጠግኛለሁ፤ በአልጋህ በኩል የሚያፈሰው ቆሟል።

ግን ደስታዬን በወጉ የሚቀበለኝ ሰው አጣሁ። ጎረቤት ምን ሠራች ይለኛል፤ ጊዜ የሚለካ ነገር እላለሁ፤ በማግስቱ የቆመ የግድግዳ ሰዓት ታቅፎ ይመጣል። ወንድምህ አያ ደሳለኝማ በሚካኤል ማኅበር ላይ፣ ሰው መሀል፣ «ሰዓት ሠሪማ አምደወርቅ ገበያም አለ፣ ለዚህ ባሕር ማዶ መሄድ ምን ያደርጋል?» አለኝ። ሰዓት አይደለም፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጭራሽ አያውቅም ስለው፣ «የማያውቅ ከሆነማ ከኔ በምን ተሻለ?» ብሎ ቤቱን አሳቀብኝ።

አንተ ብትኖር ቁጭ አድርጌ አስረዳህ ነበር። ሰብለ ለእኔ ያስረዳችኝ በእርከን ሥራ ነው። ደሃና ሳለን ዳገቱ ላይ በተርታ ቆመን ድንጋይ ስንቀባበል ታስታውሳለህ? ሁሉም እኩል ፍጥነት ካለው፣ ፊሽካ ሲነፋ ድንጋዩ ማን እጅ ላይ እንደደረሰ አይቶ ስንት ጊዜ እንዳለፈ ማወቅ ይቻላል። ቺፑ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ምልክት ነው። አንዱ ለሌላው እስኪያቀብል ያለችው ጊዜ የሰከንድ ፍርፋሪ ናት፤ ስሟን ብትነግረኝም ምላሴ አልይዘው አለ። ያስቸገራት ሙቀት ነበር። ፀሐይ ሲከር እኛ እንደምንዝለው፣ ቺፑም ሲግል ይዘገያል፤ ልኩ ይሳሳታል። እሷ አጠገቡ ሌላ ተርታ አቆመች፤ ያኛው ከማይለወጥ ምት ጋር እየተያየ፣ ምን ያህል እንደዛሉ ይናገራል፤ ልኩም በዚያው ይታረማል።

ለምን ይጠቅማል ስላት፣ ሰውነት ውስጥ የተደበቀ ዕጢ የሚፈልግ የሐኪም ማሽን ውስጥ ይገባል አለችኝ። ያን ጊዜ አንተን ይዘን ወደ ወልድያ ሆስፒታል የወረድንበት መንገድ በሁለታችንም ፊት ነበር።

አሁን ደግሞ ክሴን ስማ። የሰከንድ ፍርፋሪ የምትለቅም ልጅ፣ መቼ ትመጫለሽ ስትባል መልሷ «በቅርብ» ነው። ከቀብርህ ወዲህ ደጃችንን አልረገጠችም። ቺፑ ሲሠራ እመጣለሁ ያለችው ራሷ ናት፤ ሠራ፤ አሁን ደግሞ «እማ፣ አንድ ሙከራ ብቻ ቀርቶኛል» ትላለች። ከማን እንደወረሰችው የጠፋኝ እንዳይመስልህ። ከገበያ ሳትወጣ በስልክ «ደረስኩ» የምትል አንተ ነህ። አህያዋ ጭነቷን ይዛ ብቻዋን በር ላይ ቆማ ሳለ፣ ካገኘኸው ሰው ሁሉ ጋር ስታወጋ ቆይተህ መጥተህ፣ «አህያዋ አዘገየችኝ» ስትለኝ እንዴት እንደምናደድ ረሳኸው?

መጠበቁ ሰለቸኝና ሳላማክራት የመምጫዋንና የደስታዋን ድግስ ቀን ቆረጥኩ። ጌሾው ተወቅጧል። አያ ደሳለኝም በግ ጎትቶ ሊመጣ ነው፤ ተረቡን እቤቱ ትቶ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ። ደውዬ ስነግራት ቆጣ አለች፤ «እማ፣ ሳትጠይቂኝ?» «ስትጠየቂማ ስንት ጊዜሽ ነው!» አልኳት። ቀጥላ፣ «ማን ማን ተጠርቷል?» አለች። ይህን ጥያቄ አውቀዋለሁ፤ ሊቀር ያሰበ ሰው አይጠይቀውም።

እኔ አልረሳህም ካሳዬ። በድግሱም ላይ ከማንም በፊት የሚጠራው ያንተ ስም ነው፤ ምርቃቱም ባንተ ስም ይጀመራል። እናንተም ይህን የምታነቡ፣ የሰቆጣም የደሃናም ዘመድ ወዳጆች፣ እወቁልኝ፦ የልጃገረዶች ጨዋታ ሻደይ በሚጀመርበት ዕለት፣ ነሐሴ አሥራ ስድስት፣ ከቅዳሴ መልስ ሁላችሁም እኛ ቤት ናችሁ።