ለሰባተኛ ክፍል አጠና ስንለምን

ሰኞ

አስተማሪዎቹ በስተርጅና ለማኝ አደረጉኝ። የልጅ ልጄ ጥሩዬ ከትምህርት ቤት ወረቀት ይዛ መጣች፤ ተማሪ ሁሉ ከዘመድ አዝማዱ አጠና፣ ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ የተገኘውን ለምኖ እስከ አርብ ያምጣ ይላል። የሰባተኛ ክፍል ቤት ሊሠራ ነው። ካልተሠራ ልጅቱ ከስድስተኛ ትቀራለች፤ ንፋስ መውጫ ከተማ ቤት ተከራይታ እንዳትማር አቅሙ የለንም። እናቷ እስቴ ሄዳ ሌላ አግብታለች። አባቷ፣ ልጄ ደሴ፣ መስከረም ላይ ለሰሊጥ ሥራ መተማ እንደወረደ አልተመለሰም። ስልኩም አይሠራ። እንግዲህ ለማኙ እኔ ነኝ። ጺሙስ አለኝ።

ማክሰኞ

እህቴ ውድነሽ ዘንድ ሄድን። ውድነሽ ማለት የጎረቤት ዶሮ ደጇን ብትጭር አፈሬን መልሱ የምትል ሴት ናት። ሐሳቤ ሦስት አጠና ነው፤ ተከራክረን እዚያ ላይ እንድንወድቅ ዐሥር አልኋት።

ዐሥሩንም ሰጠችኝ። ልትሞች ነው እንዴ ብዬ ቀለድሁባት። እሷ ግን የዐሥራ ሁለት ዓመቷን ጥሩዬን እንደ ሕፃን ታቅፋ ጠጉሯን ስትዳብስ ቆየች።

ዐሥሩን ያገኘሁት በምላሴ ነው እያልሁ መንገዱን ሁሉ ስፎክር መጣሁ።

ረቡዕ

ካሳ፣ የአጎቴ ልጅ። በእርሻ ድንበር ተጣልተን ሁለት ዓመት ሰላምታ የለንም። ለጥሩዬ ስል እሷኑ አስከትዬ ሄድሁ። ገና ሲያየኝ ከመደቡ ተነሣ። ለራሱ ቤት ያኖረውን አራት ቆርቆሮ አውጥቶ እግሬ ሥር አስቀመጠ። ከማሳዬ የቆረስኸውን በቆርቆሮ ልትክሰኝ ነው ወይ አልሁት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዱላ ያነሣ ነበር። ዛሬ መሬት መሬቱን አየ። ሚስቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ጓዳ ገባች።

ስንመለስ ጥሩዬ፣ «አባባ፣ ሰዉ ምን ሆኖ ነው የማይመልስልዎት?» አለችኝ።

መንገዱ መሀል ቆምሁ።

በዚህ አገር እኔ ራሴ ስንቱን መርዶ አርድቻለሁ። የሞተበትን ሰው፣ ገና ሳይነገረው፣ እንዴት አድርገን እንደምንይዘው አውቃለሁ። የጠየቀውን እንሰጠዋለን። ቢሰድበንም አንመልስለትም።

ሐሙስ

ብቻዬን ወደ ውድነሽ ተመለስሁ። ደጃፏ ላይ ቆሜ፣ «ደሴ ነው?» አልኋት።

እዚያው ቁጭ አለች።

ወባ ነው። መተማ ተቀብሯል። ወሬውን ያመጣው አብሮት የወረደ የቀበሌያችን ልጅ ነው። ዘመድ መክሮ መርዶውን ለማክሰኞ ጧት ቆርጦ ነበር፤ ሰኞ የጥሩዬን ወረቀት ሲሰሙ አራዘሙት።

«እንጨቷን ታስረክብ ብለን ነው፣ አያ። ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ እንመጣለን» አለችኝ።

ማሳ ዳር ተቀምጬ አለቀስሁ። ትንሽ ነው፣ ዓይኔ እንዳይቀላ። ቤት ስገባ ጥሩዬን፣ የሠራሽው ሽሮ ለበሬም አይሆን አልኋት። ካልቀለድሁ ታውቅብኛለች። ሳቀች።

አርብ

አጠናውን ዘመዶች በትከሻ አደረሱልን። ካሳም ተሸክሟል፤ ከጎን ከጎኔ ይሄድ ነበር። ትምህርት ቤቱ ግቢ አስተማሪው ያመጡትን ልጆች በየስማቸው እየጠራ ያስጨበጭባል።

«ጥሩወርቅ ደሴ» አለ።

ዘመዶቼ ሁሉ አቀረቀሩ። እሷ አቤት ብላ ወጣች። ከሁሉም የበለጠ ያመጣች እሷ ናት። ጭብጨባው ሳያልቅ ሮጣ መጥታ፣ አባዬ ሲመጣ የትኛው የእኔ እንጨት እንደሆነ አሳየዋለሁ አለችኝ።

ለፍላፊ አልኋት።

ከብቱ ገብቷል። እራቷን በልታ ቁርበቷን ስታነጥፍ፣ «ነገ ቅዳሜ ነው አባባ፣ በጧት እንዳይቀሰቅሱኝ» አለችኝ።

እሺ አልኋት።