የፋጡማ ብርቱካን በደብረ ብርሃን ውርጭ

ፋጡማዬ፣ አላህ ቀብርሽን ያብራልሽ። ከተለየሽኝ ስድስተኛው ረመዳን አለፈ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጥርሴ ቢያልቅም አፌ አልደከመም። ፊደል ስለማላውቅ ይህን የምትጽፈው ልጃችን ኑሪያ ናት። የምልሽን እንዳታሳምሪው ብያታለሁ።

እዚህ ድሬዳዋ የግቢያችን ብርቱካንሽ አንቺ በሞትሽ በዓመቱ ደረቀ። ውሃ አጠጣሁት፣ ፍግ አለበስኩት፣ አልሰማኝም። የቀረው ዘሩን በዘይት ቆርቆሮ አፍልተሽ ለኑሪያ የሰጠሻት ችግኝ ብቻ ሆነ። እሷን ደግሞ መንግሥት ጤና ረዳት አድርጎ ደብረ ብርሃን መደባት፤ ጠዋት ውሃ ባልዲ ውስጥ የሚረጋበት አገር። ችግኙን ይዛ ሄደች። ውርጩ ጫፉን ሲያቃጥለው ላከችብኝ። እሱ ከሞተ የዛፍሽ ዘር አበቃ ማለት ነው።

ዕድሜውን ሙሉ የባቡር ፉርጎ ሲጠግን የኖረ አናጢ በውርጭ ይሸነፋል? ከአሮጌ ፉርጎ የወለቁ መስኮቶች ለምኜ፣ አዲስ አበባ ድረስ በባቡር፣ ከዚያ በአውቶቡስ ጣሪያ ጭኜ ወሰድኩ። ግድግዳውም ጣሪያውም መስታወት የሆነ ቤት ሠራሁለት። ጎረቤቱ «ሽማግሌው ለዛፍ ሳሎን ሠራ» ብሎ ሳቀ። ይሳቅ። እኩለ ቀን ውስጡ ድሬዳዋ ነው፤ ካፖርቴን አውልቄ በሽርጥ ተቀመጥኩበት።

ከተመለስኩ በኋላ ቅጠሉ ይረግፍ ጀመር ተባልኩ። ሄጄ ባይ፣ ልጅሽ ቀን መስኮቱን ዘግታ በጨርቅ ትሸፍናለች፣ ማታ ነፋስ እንዲገባ ወለል አድርጋ ትከፍታለች። ልክ አንቺ እዚህ ቤት ታደርጊ እንደነበረው። ፀሐይን ከልክላ ውርጭን ስትጋብዝ ከረመች። ድሬ ያሳደገቻት ልጅ ከፀሐይ መሸሽ እንጂ ምን ታውቃለች? አሁን «ይህንን አልጽፍም» እያለች ትስቃለች። ጻፊ ብያታለሁ። ያኔ ልማዷን አስገለበጥኳት፤ ዛፉም ነፍስ ዘራ።

ትናንት በባቡር መጣች፤ በሻሿ የቋጠረችው የዛፉን የመጀመሪያ ፍሬ ነው። አንዱን ይዤ ከዚራ ሰፈር በዛፎቹ ጥላ ሥር ለሚቀመጡት ጡረተኞች አሳየሁ። «ሂድ ወዲያ፣ ከኤረር የፍራፍሬ እርሻ ገዝተህ ነው» አሉኝ። ቅናት ነው።

ጣዕሙ እውነቱን ልንገርሽ፣ ይኮመጥጣል። ያንቺን አያክልም። ጣፋጭ ነው እንዳልልሽ ነገ እንገናኛለን፣ መቀመጫ ታሳጪኛለሽ። ልጣጩ ሲላጥ ግን ሽታው ቤቱን ሞላው። እሱ ያንቺው ነው።

እስካለሁ ድረስ በየዓመቱ የመጀመሪያውን ፍሬ በስምሽ ለጎረቤት እሰጣለሁ። እኔ ስመጣልሽ ኑሪያ ትሰጣለች። ቃሏን ሰጥታለች፤ ይኸው በገዛ እጇ ጽፋዋለች።