የቆጠርኋቸው ዛፎች

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ደሞዝ፣ አሰብ ወደብ።

ጋሼ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? ያ የጉልበትዎ ቁርጥማት በአሰብ ሙቀት ተሻለዎት ወይስ ባሰብዎት? እትዬ ፅጌ ማርያምስ ደኅና ናቸው? ልጃችሁ አምባቸው ስምንተኛ ክፍል ደረሰ ሲሉ ሰማን፤ እውነት ነው? እኛ በማርያም ቸርነት በሕይወት አለን። እኔም ደኅና ነኝ ብዬ ልጀምር ስል እጄ እምቢ አለኝ።

ይህን የምጽፈው ራሴ ነኝ፤ ፊደሉ ቢንጋደድ አይሳቁብኝ። አምና ከመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት ስቀበል የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ አድርጎ መረጠኝ። ሴት ምን ልትጽፍ ነው ብለው የሳቁ ነበሩ። እኔም ትንሽ ሳልኮራ አልቀረሁም፤ ያ ኩራት ነው ጉድ ያደረገኝ።

የአገራችንን ደንብ መቼም አይረሱትም። በኅዳር ጽዮን ማግሥት ሽማግሌዎቹ ደኑን ዞረው ትልልቁን ዛፍ ይቆጥሩና ለየቤቱ በአደራ ይሰጣሉ። የተቀበለው ሰው ቀፎውን ይሰቅልበታል፣ የደረቀ ቅርንጫፉን ይወስዳል፣ ከጥላው ሥር ቡናውን ይለቅማል፣ ጌሾውን ይቀነጥሳል። ዛፉ የጎደለ እንደሆነ ግን በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሞ ይጠየቃል። እኛ ዘንድ የተቆጠረ ዛፍ የተጠበቀ ዛፍ ነው። ሌላ ዓይነት ቆጠራ መኖሩን በምን ልወቀው?

በጥር ወር ለመንደር ምሥረታው የመጡ ሰዎች የትልልቅ ዛፎቻችሁን ዝርዝር ስጡን አሉን። መንግሥት ደኑን ሊያስጠብቅልን ነው ብዬ ደስ አለኝ። ቆጠራውን የሚመሩትን መሪጌታ ወልደ ሐዋርያትን ይዤ ሦስት ቀን ሙሉ ዞርሁ። ዋንዛውን፣ ዶቅማውን፣ ጥቁር እንጨቱን፣ ጦጣዎቹ የሚያድሩበትን ሾላ ሳይቀር፣ ስልሳ አንድ ዛፍ ከነባለአደራው ስም አሳምሬ ጻፍሁ። በየካቲት ተመልሰው መጡና ዝርዝሬን እያነበቡ ስልሳ አንዱንም ቀይ ቀለም ቀቧቸው። ለአዲሱ መንደር ቤቶችና ለአዳራሹ ሊቆረጡ ነው ተባለ። 

የባሰው ደግሞ ይህ ነው። አባታችን ለእርስዎ ያወረሱት፣ እኔም በእርስዎ ምትክ የምጠብቀው ዋንዛ አልተቀባም። ስጽፍ የሌላውን ቤት አስቀድሜ የእኛን ለመጨረሻ አቆየሁት፤ ወረቀቱ አለቀብኝ፤ ነገ እጨምረዋለሁ ብዬ ረሳሁት። ሆን ብዬ እንዳልሆነ እመቤቴ ምስክሬ ናት። ግን ማን ይመነኝ? እንደ ልጇ የምታየኝ ጎረቤታችን ባንቺአየሁ እንኳ በውኃ መንገድ ስንገናኝ ፊቷን ታዞርብኛለች። ከዶቅማዋ ላይ ሦስት ቀፎ አላት፤ ኑሮዋ እሱ ነው። የብርጓል የራሷን ዛፍ ደብቃ የእኛን ሰጠች ማለቷን ባለቤቴ ቢያዝን ሰምቶ መጣ። ከዚያ ወዲህ እሱም እህል አይወርድለትም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታ ሕዝቡን ሰበሰቡ። ሰዎቹ የሚሹት ምሰሶና ማገር ነው፤ እሱን ከየጓሯችን ባሕር ዛፍ ቆርጠን፣ ነፋስ የጣለውንም ጨምረን እንስጣቸው፣ ደኑን ግን ይተዉልን ብለን እናመልክት አሉ። ሁሉም ተስማማ። ጻፊ ብለው ወረቀቱን ለእኔ ሲሰጡኝ ግን ባንቺአየሁ ተነሥታ፣ ደግሞ ማንን ልታስቆጥር ነው አለች። የሳቀ የለም።

እኔም ማመልከቻውን እንደታዘዝሁት ጻፍሁና ከሥሩ አንድ ነገር ጨመርሁ፤ ጮክ ብዬም አነበብሁላቸው። ባሕር ዛፉ አይበቃም የተባለ እንደሆነ መጀመሪያ የሚቆረጠው በእኛ ቤት አደራ ያለው ዋንዛ ይሁን ብያለሁ። ከዚያ ሁሉም በየተራ ጣቱን አሳረፈ። ባንቺአየሁ መጨረሻ መጣች፤ አላየችኝም፣ ግን አሳረፈች።

ማመልከቻውን ለሰዎቹ ሰጥተናል፤ መልሱ ሰኞ ነው። ማመልከታችንን የመንደር ምሥረታውን መቃወም ነው ያሉት እንደሆነ መጀመሪያ የምጠራው እኔ ነኝ። ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ዛፎቹ ወይ ተርፈዋል ወይ አልቀዋል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ከሰኞም በላይ እርስዎ ነዎት። አደራው የእርስዎ ነበር፤ ሳላማክርዎ ሰጠሁት። ብጽፍልዎና መልስዎን ብጠብቅ ወር ያልፋል፤ ጉባኤው ደግሞ ፊቴ ቆሞ ነበር። ቢቆጡኝ እውነት አለዎት። ብቻ ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰሙት ብዬ ቸኮልሁ።

እትዬ ፅጌ ማርያምን እጅ እነሣለሁ። አምባቸውን ጉንጩን ሳሙልኝ፣ አደግሁ ቢልም። ቢያዝን ጎንበስ ብሎ ሰላም ይልዎታል። መሪጌታም በጸሎት አስበዋችኋል። እናታችን ደኅና ናቸው፤ ልጄ ጻፈ ወይ እያሉ ይጠይቃሉ። ስለ ዋንዛው አልነገርኋቸውም፤ ሲጽፉላቸው እርስዎም እንዳያነሡባቸው። በየማለዳው ከሥሩ ተቀምጠው ዳዊት የሚያስነብቡኝ እሳቸው ናቸው።

እህትዎ የብርጓል
ዶቅማ ማርያም፣ ከባሕር ዳር ማዶ፣ ጣና ዳር
መጋቢት ፲፩ ቀን ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.