ቀዩ ክር በፎቶ ቡኒ ሲሆን

ጥቅምት 4
ዛሬም ዘነበ። ያ ፎቅ ከጎናችን ከቆመ ወዲህ ፀሐይ እንደ እንግዳ ብቅ ብላ ነው የምትሄደው፤ ዝናቡ ሲጨመርበት ጭራሽ ጠፋች። ለክሮቹ ፎቶ አዲስ አምፖል ገዛሁ። ሱቁ ውስጥ ካሉት ደማቁን፣ ያውም ርካሹን! እያንጎራጎርኩ ገባሁ። እህቴ ክር ከምትነክርበት በርሜል ቀና ብላ፣ "ደግሞ ምን አገኘሽ?"
"ፀሐይ ገዛሁልሽ!"

ጥቅምት 6
ቀዩ ክር በፎቶ ቡኒ ሆነ።
"በዓይንሽ እይው እስቲ፣ ቀይ እኮ ነው" አለች እህቴ።
"ገዢ የሚያየው ፎቶውን ነው!" ብዬ ድጋሚ አስነከርኳት። አሁንም ቡኒ። በሦስተኛው ፎቶው ላይ ቀይ መጣ። አጨበጨብኩ። እሷ አላጨበጨበችም።

ጥቅምት 11
ባለሱቋ ደወለች። ክራችንን ለሹራብ ሠሪዎች በፎቶ እያሳየች የምትሸጥልን እሷ ብቻ ናት።
"እህት ዓለም፣ ፎቶው ላይ ጥቁር ቀይ፣ ፌስታሉን ስፈታው ቲማቲም! ሁለት ሰው መለሰብኝ።"
ሳቅኩ። ምን ያስቀኛል?
"ዘጠኙንም ቀለም እንደገና አንሥተሽ እስከ ዓርብ ላኪ። የድሮው ናሙና እጄ ላይ አለ፣ ከፎቶው ጋር አስተያየዋለሁ። ካልገጠመ ሌላ ሰው አግኝቻለሁ።"
ለእህቴ ስነግራት... መጻፉም ያሳፍራል። "እጅሽ ነው የከዳን" አልኳት። ሃያ ዓመት በቀለም የተላጠ እጅ! ጓንቷን አወለቀች።

ጥቅምት 12
እህቴ ለሰኞ የአውቶቡስ ትኬት ቆርጣለች። ሌላ ከተማ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ልትቀጠር። "እዚያ ፎቶ የሚያነሣ የለም" አለች።
እኔስ? ከማን ጋር ላወራ ነው? ከማን ጋር ልጣላ ነው?

ጥቅምት 13
ከናሙናው የተረፉትን ክሮችና አምፖሉን ከነካርቶኑ ይዤ ፎቶ ቤት ሄድኩ። ፎቶ አንሺው የስቱዲዮ መብራት ዋጋ ሲነግረኝ መቀመጫ ፈለግሁ። አሳዘንኩት መሰለኝ፣ ቀዩን ክር በሩ ላይ አውጥቶ በቀን ብርሃን አየው፤ ከዚያ አምፖሌን ሰክቶ ከሥሩ አየው።
"እትዬ፣ ክሩ ምንም አልሆነም። አምፖልዎ ነው ቀይ የማያውቀው።"
"ደማቁን እኮ ነው የገዛሁት!"
"ድምቀት ሌላ፣ ቀለም ሌላ።" ካርቶኑ ላይ ቁጥር አሳየኝ። ሲአርአይ ይሉታል፤ ከመቶ ነው። ወደ መቶ በቀረበ ቁጥር ቀለሙን እንዳለ ያሳያል። የኔው ሰባ።
"ሰባ ታዲያ ምን አለው? እኔ ሒሳብ ላይ ሰባ አምጥቼ አላውቅም።"
ሳቀ። "ዘጠና አምስት ያለውን፣ አንድ ዓይነት ሁለት ይግዙ። የቤት አምፖልም ይበቃል። መጋረጃውን ይዝጉ፣ ሌላውን መብራት ሁሉ ያጥፉ። ብርሃን ሲደባለቅ ስልኩ ግራ ይገባዋል።"
ስለዚህ... ልክ የነበረውን ክር ለፎቶው ስል ያበላሸሁት እኔ ነኝ። መንገድ ላይ አለቀስኩ። አንዲት ሴትዮ ቆማ፣ "ሰው ሞተብሽ እንዴ?" አለችኝ።
"አይ፣ አምፖል ነው" አልኳት።

ጥቅምት 14
አምስት ሱቅ ዞርኩ። ሲአርአይ ስል አንዱ፣ "እሱ የሚባል ዕቃ አልመጣም" ይለኛል። ስድስተኛው ጋ ሁለት ተገኘ። ከፊተኛው ይደበዝዛሉ! የናሙናውን ክሮች ነጭ ወረቀት ላይ ዘረጋሁ፣ ግራና ቀኝ አበራሁ። ቀዩ... ቀይ። የእህቴ ቀይ። ዘጠኙንም አንሥቼ ላክሁ።
ጓዳ ውስጥ ጓዟን ትሸክፋለች። ልነግራት አፌ አልከፈት አለኝ። የኔ አፍ!

ጥቅምት 15
ባለሱቋ፦ "አሁን ገጠመ። ሠላሳ ልቃቂት ቀይ ላኪ።"
ማን ይነክረዋል?

ጥቅምት 17
ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ስትደርስ ወጣልኝ። አምፖሉን፣ ሰባውን፣ ፎቶ አንሺውን፣ ሁሉንም። "እጅሽ አይደለም። እኔ ነኝ።"
"መቼ ነው ያወቅሽው?"
"ሐሙስ..."
"የጎረቤት ድመት ስትወልድ እንኳ ሰፈሩን የምታዳርሺ ሴትዮ፣ ይህችን አራት ቀን ይዘሽ ተቀመጥሽ?"
ሻንጣዋን አላስቀመጠችም። ተመልሳ ገብታ መብራቱን አበራች፣ ክሩን አገላብጣ አየችው።
"ከዛሬ ጀምሮ መብራቱም ፎቶውም የኔ ነው። አንቺ ክር ትጠመጥሚያለሽ።"
"እሺ።"
"በዝምታ።"
"እሺ! እሺ አልኩ እኮ!"
አውቶቡሱ ሄደ። ጠምጥሜ ጠምጥሜ ጣቶቼ ተላጡ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል አልተነፈሰችልኝም። ቀዩን ግን እየነከረች ነው።