ባለቤቴ አንድ ዓመት ጨምራ በመኖሯ ስላጣሁት ዲግሪ

ለክብርት ሴናተር ማርጎ ቴልፎርድ
በስቴታችን ምክር ቤት የከፍተኛ ትምህርት ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክብርት ሆይ፣ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ለአማካሪዎችዎም ሙሉ ጤና እየተመኘሁ፣ ኮሌጅ አቋርጠን ለተመለስን ሰዎች የሁለት ዓመት ዲግሪ የሚያሰጠውን ሕግ ስላወጡልን እጅ እነሳለሁ። መቀመጥ ስላቃተኝ ይህን የምጽፈው ወጥ ቤት ውስጥ ቆሜ ነውና፣ ቃሌ ወዲያ ወዲህ ቢል አይፍረዱብኝ።

አንደኛ፣ ሕግዎ የድሮ ትምህርታችንን የሚቆጥርልን ካቋረጥን አሥር ዓመት ካላለፈን ነው። እኔ ያቋረጥኩት ባለቤቴ ቬርና አልጋ ስትይዝ ነው፤ እግዚአብሔር ደግሞ ረቂቅዎን ሳያማክር አሥራ አንድ ዓመት አቆየልኝ። ወታደር የነበረ ሰው የአገልግሎት ዘመኑ እንደማይቆጠርበት አንብቤ ደስ ብሎኛል። ታማሚ ሲያገላብጡ የኖሩበት ዘመን ግን አንድም ቀን ሳይጎድል ይቆጠራል።

ሁለተኛ፣ ሕጉ የተፈረመ ዕለት ጽሕፈት ቤትዎ ጠርቶኝ፣ የእሑድ ሱፌን ለብሼ ከኋላዎ ቆሜ ነበር። ኮሌጁ ፎቶውን አሳድጎ መመዝገቢያው ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። መዝጋቢዋ ኬሊን እዚያው ፎቶዬ ሥር ተቀምጣ፣ «ሚስተር ሃስኬል፣ በእኔ ቢሆን ዛሬውኑ በሰጠሁዎት፤ ኮምፒውተሩ ግን አንድ ዓመት አልፎዎታል እያለ እሺ አይለኝም» አለችኝ። ቤተ ክርስቲያን አብሮኝ የሚዘምረው ላይል ደግሞ፣ «አንተ ምን አለብህ፣ ግድግዳው ላይ ተመርቀህ የለ!» እያለ ይስቅብኛል።

ሦስተኛውን መጻፍ ይከብደኛል። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ማንበብ የሚያስቸግራቸውን ልጆች የማግዝ ረዳት ነኝ፤ በአዲሱ ደንብ ዲግሪው ከሌለኝ ከመስከረም ወዲያ አያቆዩኝም። የሚያብከነክነኝ ኩራት ይሆን እያልኩ ራሴን ስመረምር ከረምኩ። አንድ ማለዳ ጸሎት ላይ ሳለሁ ግን፣ «ቬርና አንድ ዓመት ቀደም ብላ ብታርፍ ኖሮ» ብሎ ሲያስብ ልቤን እጅ ከፍንጅ ያዝኩት። በዚያ በመጨረሻው ዓመት መናገር ትታ እጄን ብቻ ትጨብጠኝ ነበር። እንዲህ ያለ ሐሳብ በባል ልብ ውስጥ የሚከት ሕግ ማርቀቅ ቀላል ችሎታ አይደለምና አደንቅዎታለሁ። እኔ የበኩሌን ንስሐ ገብቻለሁ፤ የእርስዎን ድርሻ ለእርስዎ ትቻለሁ።

ሚስቱን እስከ መጨረሻው በማስታመሙ ብቁ ያልሆነው፣ ሆኖም ስለ ጤናዎ ከመጸለይ ያልቦዘነው መራጭዎ፣
ደልበርት ሃስኬል

ማሳሰቢያ፦ ሕጉ በጥር ለማሻሻያ ይቀርባል ሲባል ሰምቻለሁ። ምስክር ካስፈለገዎ ቀኑንና ሰዓቱን እርስዎ እንደሚመችዎ ይቁረጡት፤ ያኔ እኔ ሥራ አይኖረኝም።