ግራው መሬት ጠርጎ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5
ሁለት ቀሚስ አስረከብኩ። የጎረቤቴ የፀጉር አስተካካዩ ሬዲዮ እንደልማዱ ይጮሃል። መጀመሪያ ጊታር... ከዚያ አንድ ጎረምሳ ጉሮሮው እስኪበጠስ፦

ሱሪ ሰፋ አሉኝ፣ መለኪያውን ረስቶ፤
ግራው መሬት ጠርጎ፣ ቀኙ ጉልበት ቀርቶ።

መርፌው ጣቴን ወጋኝ። የእኔ ዘፈን! ማለቴ... በእኔ የወጣ። ሙያ ስለምድ ለሙሽራ በሰፋሁት ሱሪ። የሰፈራችን ሴቶች ውኃ ሲቀዱ ዘፈኑት፣ ከዚያ ገበያው፣ ከዚያ አገሩ። ከተማ የቀየርኩት ለምን ሆነና? ባለቤቴ የምታውቀው ጥንቁቁን ሰፊ ነው። ብትሰማ በምን ዓይኔ አያታለሁ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7
አንድ ምሁር በሬዲዮ ሲተነትነው ዋለ። "ጥንታዊ የሕዝብ ዜማ... የእግሮቹ መበላለጥ የኑሮን አለመመጣጠን..." ጥንታዊ? ጥርሴ እንኳ አልረገፈም። ሱሪው የተበላለጠው ስለቸኮልኩ ነው፣ ጌታው።
ባለቤቴ እዚሁ ሱቄ ውስጥ ልብስ እየተኮሰች ታንጎራጉረዋለች። ተይ ልበላት? ምን ብዬ?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9
ፀጉር አስተካካዩም ያፏጨው ጀመር። ምላጭ ይዞ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11
የዘፈኑ ባለቤት ነን ባዮቹ፣ በሬዲዮ የሚጮኹት ሮክ ተጫዋቾች፣ ሱቄ ድረስ መጡ። አራት ናቸው፤ ማበጠሪያ ግን አንድም የላቸውም። "ጋሼ፣ ለመድረክ ነው። ልክ እንደ ዘፈኑ፣ አንዱ እግር ረጅም፣ አንዱ አጭር።" እምቢ ልል አፌን ስከፍት ባለቤቴ ቀደመችኝ። "ይሰፋል፣ ምን ችግር አለው?"

ዓርብ፣ ጥቅምት 15
ሊለኩ መጡ። ዘፋኙ ለበሰና፣ "ጋሼ፣ ተሳስተዋል። ረጅሙ ግራው ነው።"
"ቀኙ ነው።"
"ዘፈኑ ግራው ነው የሚለው።"
"ዘፈኑ ተሳስቷል።"
"እርስዎ በምን አወቁ?"
"የሰፋሁት እኔ ነኛ!"
ምላሴን በቆረጠው። ባለቤቴ ካውያውን አስቀመጠች። ሱሪውን አየች፣ እኔን አየች... "ለዚህ ነው ሁልጊዜ ሦስቴ የምትለካው?" ከዚያ ጠረጴዛ ተደግፋ ሳቀች። አፈርኩ፣ ተናደድኩ። ቀለለኝም፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ሰኞ፣ ኅዳር 2
ትናንት ባለቤቴ እየጎተተች የልጆቹ ኮንሰርት ወሰደችኝ። ዘፈኑን አስተካክለውታል፤ ቀኙ መሬት ጠርጎ፣ ግራው ጉልበት ቀርቶ። ከሁሉ በላይ የጮኽኩት እኔ ነኝ። እንዲህ ያለ ቅሌታም ነኝ ለካ።
ዛሬ ጠዋት አንድ ወጣት ሱሪ ሊያሰፋ መጣ። ሁለቱንም እግር በጥንቃቄ ለካሁት። ቅር አለው።
"ጋሼ፣ እኩል የሚሆንማ ከሆነ ሌላ ሰፊ ጋ እሄድ ነበር።"