ከቀይ አደባባይ የመጣው ፎቶ

ደባርቅ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለምስክር፣ ሞስኮ

እንዴት ከርመሃል ልጄ? እኛ ደኅና ነን፤ ውርጩ ካልቀደመን ገብሱም ደርሷል። ቀይ አደባባይ ላይ ከጓደኞችህ ጋር የተነሣኸውን ፎቶ አየነው። እናትህ ከኋላህ ባለጉልላቱን ቤተ ክርስቲያን ስታይ እልል አለች። «ልጄስ ከደጀ ሰላም ቆሟል!» እያለች ስልኩን ይዛ ጎረቤቱን ሁሉ አዳረሰች። ጎረቤታችን ውቢት ግን እንደምታውቃት ነው፣ ምላሷን አትይዝም። «ዘቢደር፣ ማን ሞቶበት ነው እንዲህ የተላጨው?» አለቻት። እናትህ «የፈረንጅ አገር ፋሽን ነው» ብላ መለሰችላት፤ ከዚያ ወዲህ ግን እህል አይወርድላትም።

እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ማተብህን ምን አደረግኸው? አንገትህ ላይ ያለችው ሰንሰለት ለእናትህ የብር ሐብል መስላታለች። ከሸሚዝህ ሥር ምን እንደተንጠለጠለባት እኔ አላጣውም፤ በወታደርነቴ አስሬዋለሁ። የወታደር ሬሳ የሚለይበት ቆርቆሮ ነው።

«የፕላስቲክ ፋብሪካ ነው፣ ሥራ ሳንጀምር ከተማውን አስጎበኙን» ብለሃል። ለሁላችሁም አንድ ዓይነት ቡትስ ጫማ ያደላችሁ ፋብሪካ ለጋስ ነው መቼም! እኛንም በደርግ ጊዜ ወደ ግንባር ሊሰዱን ሲሉ አዲስ አበባ ወስደው አብዮት አደባባይን አስጎበኙን። ብስኩት ሰጡን፣ ፎቶ አነሡን። ወንድሜ ላቀው እንደዚያ ቀን ስቆ አያውቅም። ግድግዳችን ላይ ያለው ፎቶው የዚያን ቀን የተነሣው ነው፤ ከእሱ ሌላ የተመለሰልን ነገር የለም።

የላከህን ደላላ፣ ደምለውን፣ ፍለጋ ቤቱ ድረስ ሄድሁ። በሩ ተቆልፏል፤ ወደ ዛሪማ ወርዷል አሉኝ። ስልኩንም አያነሣም። ይህን በእጄ ጽፌ ፎቶ አንሥቼ የምልክልህ ስልክህን ቢፈትሹ እዚያ የአማርኛ እጅ ጽሑፍ የሚያነብብ አይኖርም ብዬ ነው።

ልጄ፣ ፈርቻለሁ። ገና ከከተማው ካላወጧችሁ፣ እንደምንም አምልጠህ ኤምባሲያችን ደጃፍ ሄደህ ተቀመጥ። ምን ይሉኛል አትበል። «ፈሪ ለናቱ» ይባል የለም? እንግዲያው ለናትህ ስትል ፍራ።

እሷማ ፎቶውን አሳጥባ፣ መስታወት አስገብታ፣ ከላቀው ጎን ልትሰቅለው ምስማር መታች። ቀምቼ ሣጥን ውስጥ ቆለፍሁት። አኩርፋኛለች። ምክንያቱን አልነገርኋትም፤ አንተም እንዳትነግራት።

ጊዮርጊስ ከፊትህ ይቅደም፤ ድንግል በጥላዋ ትከልልህ። ምስማሩ እንደተመታ ነው። መጥተህ ራስህ ስቀለው።

አባትህ
የሺዋስ